ሰላምታ ያልመለስንለት ጎረቤት

ካርቱም፣ አርካዊት በኖርንባቸው ዓመታት ከሱዳናዊ እኩዮቻችን ጋር እኩል ለእኩል ቆመን የምንነጋገርበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረን። መንገዱም፣ ሥራ ቦታውም፣ የተከራየነው ግቢም ያን ዕድል አይሰጡንም ነበር። የሰጠን ስልካችን ውስጥ ያለ ጌም ነው። እሱንም አባከንነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያራል።

በሱዳን ጦርነት ሰው ባለቀበትና ከተማ በወደመበት ዘመን ስለ ስልክ ጌም መቆጨት ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሰው ነው። እጃችን ላይ የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሰላም ሲሉን ዝም ያልናቸው፣ አብረን እንሂድ ሲሉን ጥለናቸው ያለፍናቸው። ዛሬ የት እንደወደቁ፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ፣ የሚነግረኝ የለም። ስማቸውን ስላልጠየቅን የምናፈላልግበት ስም እንኳ የለንም።

አርካዊት ከካርቱም ኤርፖርት በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በአፍሪካ ጎዳናና በስልሳ ጎዳና አካባቢ የተንጣለለ ሰፈር ነው። ሐበሻ በብዛት ይሰባሰብ የነበረው ጀሪፍና ዴም ቢሆንም አርካዊት ውስጥም ጥቂት አልነበርንም። ሴቶቹ ሰው ቤት ይሠራሉ፤ ወይም መንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥለው፣ ሱዳኖች በንበር የሚሏቸውን ዝቅ ያሉ የገመድ መቀመጫዎች ደርድረው ሻይና ጀበና ይሸጣሉ። ወንዶቹ ሬስቶራንት፣ መኪና እጥበትና ግንባታ ላይ ነበርን። አንዱ ሊቢያን አሻግሮ አውሮፓን ያያል፤ ሌላው ከዘመድ የሚላክ ወረቀት ይጠብቃል፤ ሌላው ትንሽ ቋጥሮ አገሩ መግባት ይፈልጋል። ለሁላችንም ካርቱም መሸጋገሪያ ነበረች። ለመሸጋገሪያ ደግሞ ማንም ልቡን አይሰጥም። ዐረብኛውን የተማርነው ለሥራና ለገበያ በሚበቃን ልክ ነው። ጎረቤታችንንም የምናውቀው በር ላይ ስንተላለፍ ብቻ ነበር።

ሱዳኖች እንግዳ ቢያዩ ዝም ብለው የሚያልፉ ሰዎች አይደሉም። በረመዳን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማዕዱን ከየቤቱ አውጥተው መንገድ ላይ ይዘረጉና አላፊ አግዳሚውን ኑ አፍጥሩ ብለው ያስቆማሉ። ሃይማኖትህን አይጠይቁም። ሰላምታቸው ከቤተሰብ ጤና ጀምሮ እስከ ሥራ ድረስ የሚዘልቅ ነው። በእኛና በእነርሱ መካከል ግን የኑሮ ግድግዳ ነበር። አሠሪና ሠራተኛ፣ አከራይና ተከራይ፣ ወረቀት ያለውና ወረቀት የሌለው ነበርን። ከሻ የሚሉት አፈሳ በመጣ ቁጥር እኛ እንሮጣለን፤ እነርሱ ቆመው ያያሉ። የሮጠ ሰው ተመልሶ ቆሞ ካየው ጋር ቁጭ ብሎ ለመጫወት ይከብደዋል። ዕድሜያችን ከወጣቶቻቸው ጋር አንድ፣ የመብራት መጥፋቱ ብሶት አንድ፣ የኢንተርኔቱ መንቀራፈፍ አንድ ሆኖ ሳለ ሳንተዋወቅ በአንድ መንገድ እንመላለስ ነበር።

ያን ግድግዳ የሚያፈርስ ዕድል የመጣልን በአልቢዮን ኦንላይን ነው። የሠራው ሳንድቦክስ ኢንተርአክቲቭ የተባለ የበርሊን ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለኮምፒውተር ወጣ፣ በ2019 በነጻ ተፈቀደ፣ በሰኔ 2021 ደግሞ ወደ ስልክ መጣ። ኮምፒውተር መግዛት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሱዳን ላይ ጥላው የነበረው የንግድ ማዕቀብ በ2017 ቢነሳም፣ በካርድ ከውጭ የሚገዛ ነገር ለሱዳናዊውም ለእኛም እንደ ሰማይ ርቆን ቀርቶ ነበር። በነጻ የሚወርድ፣ መካከለኛ ስልክ የሚሸከመው ጌም ሲመጣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ በአንድ በር ገባን።

እንዲህ ያሉትን ጌሞች ከሌሎቹ የሚለያቸው ተጫዋቹ የሚከተለው የተጻፈ ታሪክ አለመኖሩ ነው። ሰፊ ዓለም ይሰጡሃል፤ እዚያ የሚሆነውን የምትወስኑት አንተና የምታገኛቸው ሰዎች ናችሁ። አልቢዮን ውስጥ ሰይፉም፣ ጋሻውም፣ ልብሱም ከሞላ ጎደል ተጫዋቾች የሠሩት ነው። አንዱ እንጨት ይቆርጣል፣ አንዱ ማዕድን ይቆፍራል፣ አንዱ አውሬ አድኖ ቆዳ ይገፍፋል፣ ሌላው ይህን ሁሉ ገዝቶ ዕቃ ያበጃል። ቆዳ ማርትሎክ፣ ማዕድን ቴትፎርድ፣ ቃጫ ሊምኸርስት፣ እንጨት ፎርት ስተርሊንግ፣ ድንጋይ ብሪጅዎች ሲጣራ ይበልጥ ያዋጣል። ስለዚህ ሸቀጥ ከከተማ ከተማ መጓጓዝ አለበት። መንገዱም እንደ ቀለሙ ነው። ሰማያዊው ቀጠና ሰላም ነው፤ ቢጫው ላይ ብትሸነፍ ወድቀህ ትነሳለህ፤ ቀዩና ጥቁሩ ላይ ግን ከተገደልክ የያዝከውን ሁሉ ታጣለህ። እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ የዓለም ተጫዋች በሙሉ አንድ ሰርቨር ላይ ነበር። የበርሊኑም፣ የማኒላውም፣ የኦምዱርማኑም ልጅ በአንድ ጫካ ውስጥ እንጨት ይቆርጡ ነበር።

እዚያ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። የአነጋገር ዘዬህ አይሰማም፤ የምትለብሰውን ልብስ ራስህ ሠርተህ ነው የምትለብሰው። ቀን የሰው መኪና የሚያጥብ ልጅ ማታ ጊልድ የሚባለው የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ነው። ቀን ላይ ቀና ብለን የማናያቸውን ወጣቶች ማታ ጎን ለጎን ቆመን ልናወራቸው እንችል ነበር። ሱዳን ውስጥ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ያለ እኩልነት ሌላ ቦታ አላየሁም።

ታዲያ ምን አደረግንበት? መመሪያ ፈለግን።

መነሻው ተራ ችግር ነው። አልቢዮን ውስጥ ፕሪሚየም የሚባል ጥቅም አለ፤ ያለው ተጫዋች በፍጥነት ያድጋል። ካርድ ያለው በዶላር ይገዛል። ካርድ የሌለው ሲልቨር የሚባለውን የጌሙን ገንዘብ አጠራቅሞ በወርቅ ይመነዝርና በወርቁ ይከፍላል። እኛ ካርድ ስለሌለን የሲልቨሩን መንገድ ያዝን። ከዚያ በኋላ አፋችን ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ በሰዓት ስንት ሲልቨር? መልሱ ጌሙ ውስጥ አልነበረም፤ ውጪ ነበር። ዩቲዩብ ላይ የትኛውን ሥራ በየትኛው ከተማ ብትሠራ የበለጠ እንደሚያዋጣ የሚነግሩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። የተጫዋቾችን ኮምፒውተር ተጠቅሞ የየከተማውን ዋጋ እየሰበሰበ ለሁሉም የሚያሳይ የአልቢዮን ኦንላይን ዳታ ፕሮጀክት የሚባል ሥራም አለ። እግርህን ሳታነሳ ማርትሎክ ቆዳ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ። ገበያተኛ መጠየቅ አያስፈልግህም፤ ከዚያ የመጣ መንገደኛ ማስቆምም አያስፈልግህም።

ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚችለው ልጅ ቪዲዮዎቹን እያየ መመሪያውን በአማርኛ በደብተር ወረቀት ጻፈና ስልክ ከምንቻርጅበት ማከፋፈያ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። የትኛው ከተማ ቆዳ እንደሚገዛ፣ የትኛው ሰዓት መንገዱ ጭር እንደሚል ተጽፎበታል። ከታች በትልልቁ «አትቁም። አታውራ። ሰው ካየህ ዞር በል። የቆመ ይከስራል» ይላል። ወረቀቱ በላብና በከሰል ጢስ ወይቦ ጫፉ እስኪታጠፍ ድረስ ታዘዝነው። በእርግጥም ሠራ። ሲልቨራችን አደገ፣ ፕሪሚየማችን አልተቋረጠም፣ ጌሙ ውስጥ ጭነት የምናጓጉዝባቸው በሬዎቻችን ሳይዘረፉ ገቡ። ሁላችንም አንድ ዓይነት መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ጭነት ይዘን መመላለስ ጀመርን። ጌሙ ሁለተኛ ሥራ ሆነ፤ ያውም ደሞዝ የሌለው።

አንድ ማታ የሆነው ነው ዛሬም የማይለቀኝ። ሦስት ሆነን፣ እያንዳንዳችን ቆዳ በጫነ በሬ ላይ ሆነን፣ ቀዩን ቀጠና እያቋረጥን ነበር። ብቻውን እንጨት ይቆርጥ የነበረ አንድ ተጫዋች ሥራውን ትቶ ከኋላችን መጣ። የጊልዳችን ስም ሐበሻ የሚል አለበት፤ እሱን አይቶ ነው። በላቲን ፊደል በተጻፈ ዐረብኛ ሰላም ያ ሐበሻ አለን። ዝም አልን። ዘራፊ ነው ብለን ፈጥነን ነዳን። ዘራፊ ቢሆን ያኔውኑ በመታን ነበር፤ እሱ ግን ጎን ለጎን መሄዱን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ «እንተ ዌን? አና ፊ አርካዊት» ብሎ ጻፈ። አንተ የት ነህ፣ እኔ አርካዊት ነኝ ማለቱ ነው።

እኛም አርካዊት ነበርን። በአንዲት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠን ስልካችንን እያየን ነበር። አንዳችን እንመልስለት እንዴ አለ። ሌላው በአገጩ ወደ ወረቀቱ አመለከተ። የቆዳ ዋጋ ሳይወርድ መድረስ ነበረብን። ልጁ ቀድሞን ወደሚቀጥለው ማፕ ገባና ተመለሰ፤ መንገዱ ንጹሕ ነው፣ የሚዘርፍ የለም ብሎ ጻፈልን። ሳንጠይቀው ቃፊር ሆኖ ሄዶልን ነው። እኛ አልፈነው ሄድን። ከራሱ በላይ የተጻፈውን የጌም ስሙን እንኳ ልብ ብለን አላነበብነውም። ጓደኛ ብሎ ለመመዝገብ ስክሪኑን ሁለቴ መንካት ይበቃ ነበር።

ማርትሎክ ገብተን ቆዳውን ሸጥነው። ስንት እንዳተረፍን አላስታውስም።

እንዲህ ያለው ጥፋት የእኛ ብቻ አይደለም። ጌም የሚሠሩ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲታገሉት የኖሩት ነገር ነው። ሲቪላይዜሽን አራት የተባለው ጌም መሪ ንድፍ አውጪ የነበረው ሶረን ጆንሰን፣ ተጫዋች ዕድሉን ካገኘ ከጌሙ ውስጥ ደስታውን አሟጦ እስኪያወጣ ድረስ ስሌት ይሠራል የሚል ትዝብት ትቷል። ሌላው ንድፍ አውጪ ራፍ ኮስተር ደግሞ ይህን አስቀድሞ ለመከላከል የሞከረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው፣ እሱ ንድፉን በመራው ስታር ዋርስ ጋላክሲስ ውስጥ ሲዋጋ የዋለ ተጫዋች ድካሙ የሚለቀው ቡና ቤት ገብቶ ሌሎች ተጫዋቾች ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ ቁጭ ብሎ ሲያይ ነበር። ቁስሉን የሚያክመውም ሐኪምነትን የመረጠ ሌላ ተጫዋች ነው። ማንም ብቻውን ሊኖር አይችልም። በዚያ ጌም ውስጥ ያለፉ ሰዎች ዛሬ ድረስ የሚያነሱት ቡና ቤቱን ነው፤ ያተረፉትን ገንዘብ ሲያነሱ አትሰማም።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው ጌም ሌላውን መንገድ ሄደ። ቀድሞ ዋሻ የሚገቡ አምስት ሰዎችን ለማሰባሰብ ከተማ መሃል ቆሞ መጣራት፣ ከዚያም ተያይዞ መንገዱን በእግር መሄድ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 አንድ ቁልፍ ሲነኩ ሰው መርጦ የሚያሰባስብ፣ ዋሻው ድረስም የሚያደርስ መሣሪያ መጣ። ጊዜ ቆጠበ። ግን አምስት ሰዎች ተገናኝተው፣ ሰላም ሳይባባሉ ጨርሰው፣ ዳግም ሳይተያዩ የሚለያዩበት ዓለም ሆነ። በ2019 ጌሙን የሠራው ኩባንያ የጥንቱን ጌም እንደነበረ መልሶ ሲከፍት ብዙ ሰው በናፍቆት ገባ። ዓለሙ ተመለሰ፤ አለማወቁ ግን አልተመለሰም። በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ተጽፎ፣ ተሰልቶ፣ ደረጃ ወጥቶለት ስለነበር ብዙዎቹ መንገድ የሚጠይቁት ሰው አላስፈለጋቸውም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሰውን የሚያስቆመው ሲቸግረው ነው። መንገድ የጠፋው ይጠይቃል፣ ዋጋ የማያውቅ ገበያተኛ ያናግራል፣ ብቻውን ጫካ የሚፈራ አብረን እንሂድ ይላል። የውጪው መመሪያ ችግሩን ሁሉ አስቀድሞ ሲፈታልህ የምታስቆመውም ሰው አብሮ ይጠፋል። የጥንት ሲራራ ነጋዴዎቻችን ከጎንደር ተነስተው መተማን አልፈው ሴናር ድረስ በቅሎና አህያ ሲነዱ፣ የሚያወጣቸው ጭነቱ ብቻ አልነበረም። በየመንደሩ የሚያሳድራቸው ወዳጅ፣ በየበረሃው ውኃ የሚያሳያቸው ሰው፣ በየገበያው ቋንቋ የሚፈታላቸው ደላላ ነበራቸው። ለልጅ ልጆቻቸው የሚተርፍ ዝምድና የተሳሰረው በዚያ መንገድ ላይ ነው። እኛም በዚያው አቅጣጫ የሄድን የእነርሱ ልጆች ነን፤ በሬያችንን ነድተን ዓመት ከዓመት ተመላልሰን አንድ ወዳጅ ሳንይዝ ተመለስን።

መጠንቀቅ ጥፋት ነበር ማለቴ አይደለም። አልቢዮን ውስጥ ሰላም ብሎ ቀርቦ የሚገድል አለ፤ ቀዩ ቀጠና ላይ የሳምንት ልፋትህን በደቂቃ የሚነጥቅህ ቡድን አድፍጦ ይጠብቃል። መመሪያዎቹም ሰዎች የደከሙባቸው፣ በነጻ የተሰጡ፣ ለጀማሪ የሚጠቅሙ ናቸው። በስሌት መጫወት የእንጀራ ጉዳይ የሆነባቸው ሰዎችም አሉ። የቬኔዙዌላ ኢኮኖሚ በወደቀ ጊዜ ብዙ ወጣቶች ሩንስኬፕ ውስጥ ወርቅ እየለቀሙ፣ የጌሙ ሕግ ቢከለክልም በዶላር እየሸጡ ቤተሰብ አስተዳድረዋል። በእነርሱ ላይ የምፈርድበት አፍ የለኝም። የእኛ ግን የእንጀራ ጉዳይ አልነበረም። የምንለቅመው ሲልቨር ፕሪሚየም ይገዛል፤ ፕሪሚየሙ የበለጠ ሲልቨር ያስለቅማል፤ እሱም ሌላ ፕሪሚየም ይገዛል። ምንም ሳይቸግረን፣ ከድካም በኋላ ሰው ልናገኝበት የተሰጠንን ሰዓት በገዛ እጃችን ወደ ጉልበት ሥራ ለወጥነው።

ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻም አልመጣም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2021 ጦሩ መንግሥት ገልብጦ ኢንተርኔቱን ዘጋው። የሞባይል ኢንተርኔቱ የተመለሰው ኅዳር 18 ቀን ነው። በእነዚያ ሳምንታት የሱዳን ወጣቶች በየጎዳናው ጎማ እያቃጠሉ፣ በጥይት እየወደቁ ነበር። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደታሰረ በቅጡ አይታወቅም ነበር። ከእነዚያ ወጣቶች ውስጥ ጫካው ውስጥ አብረውን እንጨት የቆረጡ አይኖሩም ብሎ ማን ይምላል? ኔትወርኩ የተመለሰ ዕለት ሰው ደህና ናችሁ ወይ የሚባባልበት ዕለት ነበር። እኛ ሐበሾች ያን ቀን አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ፣ ደህና ነህ ወይ ብንል፣ እስከ መቼም የማይረሳ ወዳጅነት እናተርፍ ነበር። መጀመሪያ የከፈትነው ግን የገበያውን ገጽ ነው። የቆዳ ዋጋ ከፍ ብሎ ጠበቀን፤ ደስ አለን። ዛሬ ያን ደስታ ሳስበው ፊቴን የማኖርበት አጣለሁ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ያበቃበት ቀን መጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። እኛ አክፍለን የትንሣኤን ሌሊት እንጠብቃለን፤ እነርሱ የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት ይጾማሉ። አርካዊት ሙሉ በሙሉ ጾመኛ ነበረች ማለት ይቻላል። ጠዋት ከኤርፖርቱ በኩል ተኩስ ተሰማ፤ ከዚያ ከባድ መሣሪያ፣ ከዚያ አውሮፕላን። የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ከተማዋን ተካፍለው ተታኮሱባት። ውኃ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ። ፋሲካም ዒድም በየጓዳው መሬት ላይ ተኝተን አለፉ። መንገድ የተገኘ ዕለት ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ። ብዙዎቻችን በገዳሪፍ አድርገን ጋላባትን ተሻግረን መተማ ገባን። ሱዳኖቹ አንዳንዱ ወደ ግብፅ፣ አንዳንዱ ወደ ፖርት ሱዳን፣ አንዳንዱ ወደ ዋድ መደኒ ሄደ፤ ዋድ መደኒም በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀች።

መተማ ላይ ከእኛ ጋር የተሻገረ አንድ የአገራችን ልጅ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ነበር። ከአርካዊት የሱዳን ልጆች ጋር በሌላ ጌም ቡድን መሥርተው ሲጫወቱ ኖረዋል። አንዱ ገዳሪፍ ደርሷል፣ አንዱ አጎቱ ቤት ተደብቋል፣ የአንዱ ወንድም ሞቷል። ለእያንዳንዱ በተሰባበረ ዐረብኛ ይጽፋል፤ ያለቅሳል፤ ደግሞ ይጽፋል። እኔም ስልኬን አወጣሁ። ብዙ ሚሊዮን ሲልቨር ነበረኝ። የምጽፍለት ሱዳናዊ ግን አንድም አልነበረኝም።

እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2012 ሊቢያ ቤንጋዚ ውስጥ የአሜሪካ የዲፕሎማቲክ ግቢ ሲጠቃ ከሞቱት አንዱ ሾን ስሚዝ ይባላል። የመሥሪያ ቤቱ የመረጃ ባለሙያ ነበር፤ ኢቭ ኦንላይን በሚባለው ሰፊ የጠፈር ጌም ውስጥ ደግሞ ቫይል ራት በሚል ስም የታወቀ ዲፕሎማት ነበር። በዚያች ሌሊት ከጌም ጓደኞቹ ጋር ይጻጻፍ ስለነበር ከሰሙት የመጀመሪያዎቹ እነርሱ ናቸው። ብዙ ተጫዋቾች፣ ሲዋጉት የኖሩ ጠላቶቹ ጭምር፣ ጌሙ ውስጥ ጣቢያዎቻቸውን በስሙ ሰየሙለት፤ ለቤተሰቡም ገንዘብ አሰባሰቡ። እኒያ ሰዎች አብዛኞቹ በአካል አይተውት አያውቁም። ያወቁት በመነጋገር ነው። የእኛው ሰው ግን ከክፍላችን በእግር የሚደረስበት ቦታ ነበር። አርካዊት ነኝ ብሎ ጽፎልናል። ቢሞት የምንሰማበት መንገድ የለም፤ በሕይወት ቢኖርም እንኳን ደስ ያለህ የምንልበት መንገድ የለም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ የሚጻፍ መሆኑ ይገባኛል። የምጽፈው ያ ዕድል ዛሬም በብዙ ወጣቶች እጅ ላይ ስላለ ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ካይሮ፣ ካምፓላ፣ ጁባ ውስጥ ያላችሁ ልጆች ማታ ማታ ስልካችሁን ይዛችሁ የምትገቡበት ዓለም በሰው የተሞላ ነው። መመሪያ ተመልከቱ፤ ግን መጀመሪያ ጥቂት ቀን ሳታዩ ግቡ። መንገድ ሲጠፋችሁ ከመፈለጊያው በፊት አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁ። ዋጋ ስታጡ ገበያተኛውን አናግሩ። የሚያስፈራው ቀጠና ላይ ተጠንቀቁ፤ ሰላም ላላችሁ ሁሉ ግን አትሽሹ። በቋንቋው ባትችሉ በተሰባበረው መልሱ፤ እሱም የእናንተን አይችልም። አብራችሁት የዋላችሁትን ሰው የጌም ስሙን ብቻ ይዛችሁ አትለያዩ። ማን እንደሚባል፣ የየት ልጅ እንደሆነ፣ በምን እንደምታገኙት ጠይቁት። አገር ይበተናል፤ ሰርቨርም ይዘጋል።

ሱዳን ኖራችሁ ለተመለሳችሁ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ከካርቱም የያዛችሁት አንድ የሱዳናዊ ስልክ ቁጥር ካለ፣ የአከራይም ይሁን የሱቅ ጎረቤት፣ ዛሬ ደውሉለት። መስመሩ አልሠራ ቢል ነገም ሞክሩ። ደህና ነህ ወይ በሉት።